ባለ ቀይ አበባው አውሮፕላን

እናቴ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። እስካለፈው መጋቢት ድረስ አውሮፕላን የምታውቀው በሰማይ ሲያልፍ ነበር። ቦሌም ብትሄድ ሰው ልትሸኝ እንጂ ልትሳፈር አልነበረም። እንዲህ ያለች ሴት አንድ ቀን ተነስታ “ቻይና ውሰደኝ” ስትለኝ፣ ምክንያቱን ባላውቅ ኖሮ እስቅ ነበር። ታናሽ እህቴ ዉሃን በምትባል የቻይና ከተማ ልትወልድ ደርሳ ነበር። በእኛ ቤት ደግሞ እናቷ ያላረሰቻት አራስ የለችም።

ሌላም ነገር ነበር፤ በቤታችን ማንም አፍ አውጥቶ የማይናገረው። እህቴ ወደ ዉሃን የሄደችው 2018 ላይ የትምህርት ዕድል አግኝታ ነው (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በጃንዋሪ 2020 ያ ወረርሽኝ መጥቶ ከተማዋ ስትዘጋ እዚያው ነበረች። ዉሃን ለ76 ቀናት ተዘግታ ስትከርም አባቴ ሬዲዮኑን ከጆሮው አላራቀም። በቀጣዩ ዓመት ግን እሱ ራሱ ታሞ አረፈ። እህቴ መርዶዋን በስልክ ሰማች። ለቀብሩም ለአርባውም አልመጣችም።

ጠልታ አልነበረም። የቻይና አቪዬሽን ባለሥልጣን ከማርች 2020 መጨረሻ ጀምሮ ለእያንዳንዱ አየር መንገድ ወደ አንድ አገር አንድ መስመር፣ በሳምንት አንድ በረራ ብቻ ብሎ ወስኖ ነበር። ከአገሩ የወጣ የውጭ ተማሪም ለረጅም ጊዜ ተመልሶ መግባት አልቻለም። ከወጣች ትምህርቷ ቀረ ማለት ነው። ይህን ለእማዬ ደጋግሜ አስረድቻታለሁ። እሷም “ገብቶኛል” ትላለች። መግባቱና መዋጡ ግን ሁለት ነገር ነው። ድንበሩ በጃንዋሪ 8 ቀን 2023 ከተከፈተ በኋላም እህቴ ሳትመጣ ስትቀር፣ እዚያው ካለ አገሯ ልጅ ጋር ተጋብታ ፎቶ ስትልክ፣ የእማዬ ዝምታ እየከበደ ሄደ። ስልክ ሲደወል “ደህና ነሽ?” ትላትና ወዲያው ለእኔ ትሰጠኛለች።

እህቴ “አርግዣለሁ” ያለች ቀን ግን ስልኩን አልሰጠችኝም።

ዝግጅቱ አንድ ወር ፈጀ። የገብስ ገንፎ ዱቄት፣ አብሽ፣ በሶ፣ ቆሎና በርበሬ ተሰናዳ። ቅቤ ተነጥሮ በጣሳ ታሸገ። ቅቤ፣ አይብ፣ እርጎ፣ ሥጋና ፍራፍሬ መንገደኛ ይዞ ወደ ቻይና እንዳይገባ ሕጉ ይከለክላል ብላ እህቴ ስትነግረን እማዬ አላመነችም። የእንስሳትና የተክል በሽታ ፈርተው ነው ብላት፣ የተነጠረ ቅቤ በሽታ እንደሌለበት አስረዳችኝ። በመጨረሻ ጣሳው ለጎረቤት ተሰጠ። ጠበሉ ግን በፕላስቲክ ጠርሙስ ሆኖ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ገባ።

ከቦሌ እስከ ጓንዡ በራሳችን አየር መንገድ በረርን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቻይና መብረር የጀመረው 1973 ላይ ነው፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። መንገዱ አሥር ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እማዬ ስትጸልይ አደረች። ከጓንዡ ወደ ዉሃን ለመሻገር ግን የቻይኖቹን አየር መንገድ፣ ቻይና ሳውዘርንን መያዝ ነበረብን። ለማግስቱ ጠዋት ነበር የቆረጥነው።

ጓንዡ ለነጋዴዎቻችን እንግዳ አይደለችም። መርካቶ ውስጥ ከሚሸጠው ልብስ፣ ጫማና የመኪና ዕቃ ስንቱ ከእሷና ከአካባቢዋ እንደሚመጣ የሚያውቁት ያውቁታል። እኛንም የተቀበለን እዚያ እየተመላለሰ የሚነግድ የሰፈራችን ልጅ ነው። እማዬ ከልጅነቱ ታውቀዋለች። ማረፊያ ይዞልን አደርንና ጠዋት ከበሩ ስንወጣ እማዬ ቀጥ ብላ ቆመች። መንገዱ ዳር አንድ ረጅም ዛፍ አለ፤ ቅጠል የለውም፤ ቅርንጫፉ ሁሉ ግን እፍኝ በሚሞላ ቀይ አበባ ተሸፍኗል። ከሥሩ ሁለት ቻይናውያን አሮጊቶች የወደቀውን አበባ እየለቀሙ በፌስታል ይከታሉ።

“ይሄማ ቆርች ነው!” አለች እማዬ።

“አይደለም እትዬ” አለ የሰፈራችን ልጅ፤ “ቀይ የጥጥ ዛፍ ይሉታል፤ በእነሱ ቋንቋ ሙሚያን ነው። የከተማዋ አበባ ነው። ሰዎቹ አድርቀው ለሻይና ለሾርባ ያፈሉታል። ዛሬ የሚሳፈሩበት አውሮፕላን ጭራ ላይም የሚያዩት እሱን ነው።”

እማዬ አንዱን አበባ ከመሬት አንስታ ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገችው።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ስንሄድ ጥያቄ በጥያቄ አደረገችን። የማን ነው? ትልቅ ነው? የእኛን ያህል የቆየ ነው? እኔም ቲኬቱን ከመቁረጤ በፊት ያነበብኩትን ነገርኳት።

በዕድሜ የእኛ ይበልጠዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው 1946 ላይ ነው። በቻይና ግን እስከ 1980ዎቹ ድረስ ሰማዩን የሚቆጣጠረውም፣ ቲኬት የሚሸጠውም፣ አውሮፕላን የሚያበርረውም አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር። 1988 ላይ የማብረሩን ሥራ ለየክልሉ አየር መንገዶች ሲያከፋፍሉት ደቡቡ፣ ማለትም መናኸሪያው ጓንዡ የሆነው ድርሻ፣ ቻይና ሳውዘርን ተባለ። 1991 ላይ ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆነ። ቀስ በቀስ ሌሎችንም ጠቀለለ፤ የሰሜኑንና የሩቅ ምዕራቡን የሺንጂያንግ አየር መንገዶች ጨመረ። ዛሬ እህት ኩባንያዎቹን ጨምሮ ከ900 በላይ አውሮፕላኖች አሉት። 2019 ላይ በአንድ ዓመት ብቻ ከ150 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ አጓጉዟል፤ የኢትዮጵያን ሕዝብ በሙሉ አሳፍሮ ቦታ ይተርፈው ነበር ማለት ነው።

ትልቅነት ግን ሁልጊዜ አላዋጣውም። በዓለም ትልቁን ባለ ሁለት ፎቅ የመንገደኛ አውሮፕላን፣ ኤ380ን፣ ከቻይና አየር መንገዶች የገዛው እሱ ብቻ ነው። 2011 ላይ መረከብ ጀመረ፤ አምስት አስገባ። ያን ሁሉ ወንበር በየቀኑ መሙላት ግን ከባድ ነው፤ በ2022 መጨረሻ ከሥራ አስወጣቸው። ስካይቲም ከሚባለው የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር 2007 ላይ ገብቶ፣ 2019 ላይ ወጥቶ ብቻውን መደራደርን መረጠ። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ቻይና ራሷ የሠራችውን ሲ919 አውሮፕላን ከኤርባስና ከቦይንግ ጎን ለጎን ያበርራል።

እማዬ ይህን ሁሉ ሰምታ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። “ወድቆ ያውቃል?”

የሰፈራችን ልጅ በመስተዋቱ አየኝ። እኔ ግን እናቴን አልዋሻትም። 1992 ላይ አንድ አውሮፕላኑ ጉዊሊን ከምትባል ከተማ አጠገብ ተራራ ገጭቶ 141 ሰዎች አልቀዋል። 1997 ላይ ሌላው ሼንዠን ላይ በዝናብ ሲያርፍ ተሰባብሮ 35 ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ በዚህ አየር መንገድ አውሮፕላን አደጋ ሕይወቱን ያጣ መንገደኛ የለም።

“ወድቆ የተነሳ ይጠነቀቃል” አለች። ጉዳዩ ተዘጋ።

ከዚያ የሰፈራችን ልጅ ሊያስቃት ብሎ አንድ እውነተኛ ታሪክ አነሳ። በጁን 2017 ሻንጋይ ላይ አንዲት የሰማንያ ዓመት እናት በዚሁ አየር መንገድ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ጓንዡ ሊሳፈሩ ደረጃውን እየወጡ ነበር። ጉዞው እንዲቀናቸው ብለው ሳንቲም አውጥተው ወደ አውሮፕላኑ ሞተር ወረወሩ። ዘጠኝ ሳንቲም ተገኘ፤ ስምንቱ መሬት ላይ፣ አንዱ ሞተሩ ውስጥ። በኃይል የሚሽከረከር ሞተር ውስጥ የገባች አንዲት ብረት ብዙ ልታበላሽ ትችላለች። መንገደኛው ሁሉ ወረደ፤ ሞተሩ ተፈተሸ፤ በረራው ከአምስት ሰዓት በላይ ዘገየ። ፖሊስ አሮጊቷን ከዕድሜያቸው አንጻር ሳያስራቸው ቀረ።

እኛ ሳቅን። እማዬ አልሳቀችም። “ምን አጠፉ? ለልጆቻቸው ነው የተሳሉት” አለችና የእጅ ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ቦርሳው ውስጥ ምን እንዳለ ያወቅሁት በኋላ ነው።

የጓንዡ አውሮፕላን ማረፊያ ባይዩን ይባላል፤ ነጭ ደመና ማለት ነው፤ ስሙን ያገኘው ከከተማዋ ተራራ ነው። አሁን ያለበት ቦታ የተከፈተው 2004 ላይ ነው። 2020 ላይ ዓለም ሁሉ ተዘግቶ ሳለ ከ43 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ አስተናግዶ ከዓለም አንደኛ የወጣው ይኸው ነው፤ ቻይኖች አገራቸው ውስጥ ይበሩ ነበርና። ያን ስሰማ እህቴ ትዝ አለችኝ። በውስጥ በኩል ያ ሁሉ ሰው ሲበር፣ ወደ ውጭ ያለው በር ግን ለእሷ ተዘግቶ ነበር።

ለእማዬ ቀደም ብዬ ዊልቸር አስመዝግቤላት ነበር። ስታየው ተቆጣች። “እግር እያለኝ?” አለች። የምትገፋው ልጅ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ቢሆናት ነው፤ የእማዬን ቋንቋ አታውቅም፣ እማዬም የእሷን። ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ የእማዬን እጅ ይዛ ቆየች። እማዬ እኔን ገልመጥ አድርጋ ተቀመጠች። ለእኔ እምቢ ያለችውን ለሰው ልጅ እሺ አለች። ደግነቱ ተቀመጠች፤ አዳራሹ ማለቂያ አልነበረውም።

ፍተሻው ጋ ስንደርስ ቦርሳዋ ተመለሰ። ጠበሉ! ማታ ማረፊያው ውስጥ ከትልቁ ሻንጣ አውጥታ የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታዋለች። በቻይና የአገር ውስጥ በረራ ውሃም ሆነ መጠጥ በእጅ ሻንጣ ይዞ ማለፍ አይቻልም። ፈታሿ በእጇ ምርጫውን አሳየችን፤ ወይ ጠጡት ወይ ጣሉት። “ይሄ ውሃ አይደለም በላት” አለችኝ እማዬ። ምን ብዬ ልተርጉምላት? “ሃይማኖታዊ ነው” አልኩ በእንግሊዝኛ። ፈታሿ አንገቷን ነቀነቀች፤ ሕጉ ግን ሕግ ነው።

እማዬ ተነሳች። ሦስት ጊዜ ተጎነጨች፤ እኔንም አስጎነጨችኝ። ፊቷን ዳበሰች። ከዚያ የነጠላዋን ጥለት ወደ ጠርሙሱ አፍ አስጠግታ ቀሪውን ጠብ እያደረገች አራሰችበት። ከኋላችን ሰልፉ ረዝሟል። ፈታሿ ግን አላጣደፈቻትም። ባዶውን ጠርሙስ በሁለት እጇ ተቀበለቻት።

እዚህ ላይ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ወይም ብቻቸውን ለምትልኩ ሰዎች ጥቂት ነገር ልበል። ፈሳሽ ነገር ሁሉ በሚጫነው ሻንጣ ይሁን። የስልክ መሙያ ባትሪ ማለትም ፓወር ባንክ ከያዙ፣ ከጁን 28 ቀን 2025 ጀምሮ የቻይና 3ሲ የተባለው የደህንነት ምልክት የሌለበት በአገር ውስጥ በረራ አያልፍም፤ እዚህ የምንገዛው ብዙው ምልክቱ የለውም። ዊልቸር የሚጠየቀው አስቀድሞ ነው። የሚሄዱበትን አድራሻ በቻይና ፊደል አጽፋችሁ ደረታቸው ላይ ባለ ኪስ ክተቱላቸው። ቋንቋ ለማያውቅ ሰው ከሁሉ የሚጠቅመው ያ ወረቀት ነው።

አውሮፕላኑ ጋ ስንደርስ እማዬ መጀመሪያ ያየችው ጭራውን ነው። በሰማያዊ ላይ ቀይ አበባ። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ያነሳችውን አበባ ከእሱ ጋር አስተያየችና “ራሱ ነው” አለች። የመጣችበትን ያገኘች መሰለች።

መስኮቱ ጋ የተቀመጡት አንዲት ቻይናዊት አዛውንት ነበሩ። በስልካቸው አስተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ፣ እኔ ደግሞ ወደ አማርኛ እያደረግሁ፣ ከመነሳታችን በፊት ሁለቱ እናቶች ተዋወቁ። ሴትዮዋ ወንድ ልጃቸው ጓንዡ ውስጥ ይሠራል። የልጅ ልጃቸውን ሦስት ዓመት አሳድገው፣ ሕፃኑ መዋለ ሕፃናት ሲገባ ወደ ባለቤታቸው እየተመለሱ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ባልና ሚስት ተለያይተው ኖሩ፤ እሳቸው እዚያ፣ ባላቸው እዚህ። በቻይና እንዲህ የልጅ ልጅ ለመያዝ ከቀያቸው ወጥተው በማያውቁት ከተማ የሚኖሩ አያቶች ብዙ ናቸው። የተገላቢጦሹም አለ፤ ወላጆቻቸው ለሥራ ወደ ደቡብ ሄደው ከአያት ጋር ገጠር የቀሩ ልጆች ትምህርት ሲዘጋ ወደ ወላጆቻቸው ይመጣሉ። አየር መንገዱም ብቻቸውን የሚጓዙትን ትንንሾች ከአንዱ ዘመድ ተረክቦ ለሌላው ያስረክባል። በጨረቃ አዲስ ዓመታቸው ወቅት ደግሞ በ40 ቀናት ውስጥ አገሩ በሙሉ ወደ ቤቱ ይጓዛል።

እማዬ ልታርስ እንደምትሄድ ሲነገራቸው ሴትዮዋ ፊታቸው በራ። ሦስት ጣት አሳዩ፤ ሠላሳ ቀን ማለታቸው ነው። በእነሱ ወግ አራስ ወር ሙሉ ቤት ትቆያለች፤ ቀዝቃዛ አትነካም፤ ዝንጅብልና የዶሮ ሾርባ ትጠጣለች። እማዬ አራት ጣት አነሳች። አርባ! ሴትዮዋ በመደነቅ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወዲያ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። እማዬ ቆሎ ዘገነችላቸው፤ እሳቸው መንደሪን ልጠው ሰጧት።

በረራው ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ ሆኖም ምግብ መጣ። ሻንጣውም ምግቡም በቲኬቱ ዋጋ ውስጥ የሚካተትበት ዓይነት አየር መንገድ ነው። ለጎረቤታችን ትኩስ ውሃ ሲቀዳላቸው እማዬ አይታ እሷም ጠየቀች። እኔ ደግሞ ስለዚህ መስመር ያነበብኩትን አስብ ነበር። በጃንዋሪ 24 ቀን 2020፣ የጨረቃ አዲስ ዓመታቸው ዋዜማ ማታ፣ እያንዳንዱ ቻይናዊ ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ በሚቀርብበት ሰዓት፣ ከጓንግዶንግ ክፍለ አገር የተላኩ ሐኪሞችና ነርሶች በዚሁ አየር መንገድ፣ በዚሁ አቅጣጫ፣ ማንም ወደማይገባባት ዉሃን በረዋል። ወደ ነበረችበት ወደ እህቴ ከተማ። ከ900 አውሮፕላን ይልቅ የእኔን ልብ የያዘው ያ አንድ በረራ ነው። ለእናትና ለአባት የአየር መንገድ ትልቅነቱ በሚያስፈልግበት ቀን መነሳቱ ነው፤ ለአባታችን ቀን የተነሳልን አልነበረምና አውቀዋለሁ።

እህቴ ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ወንድ ልጅ። በሩን የከፈተው ባሏ ነው። እማዬ ጫማዋን አውልቃ፣ ሕፃኑን እንኳ ሳታይ፣ ቀጥታ ወደ አልጋው ሄደች። የነጠላዋን ጥለት ይዛ የእህቴን ግንባር፣ ከዚያ ሆዷን ዳበሰች። ጥለቱ ከደረቀ ቆይቷል። ሁለቱም ምንም አልተናገሩም።

ገንፎው በማግስቱ ተገነፋ። ቅቤው ከሱፐርማርኬት የተገዛ የኒውዚላንድ ቅቤ ነው። እማዬ ኮረሪማ ጣል አድርጋ ራሷ አነጠረችው። ቀምሳ “ምንም አይልም” አለች፤ ከእሷ አፍ ይህ ምስጋና ነው።

ነገሩ የተነሳው በአራተኛው ቀን ማታ ነው። እኔ ወጥ ቤት ዕቃ እያጠብኩ ነበር፤ ሁሉንም ሰማሁ።

“ድንበሩ ከተከፈተም አልመጣሽም” አለች እማዬ። ከአራት ዓመት በላይ ያቆየችውን ነው የተናገረችው።

እህቴ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ “ፈራሁ” አለች። “አባዬ የሌለበት ቤት መግባት ፈራሁ።”

“እኔስ?” አለች እማዬ። “እኔ እዚያው ቤት አይደል የማድረው?”

ውሃውን ዘጋሁት። ሁለቱ ተያይዘው አለቀሱ። በዚያች ጠባብ ቤት፣ ከአዲስ አበባ በዚያ ሁሉ ርቀት፣ የአባቴ ለቅሶ በእህቴ በኩል ያን ቀን ተለቀሰ። ሕፃኑ ነቅቶ እስኪጮህ ድረስ ማንም አላቋረጣቸውም።

አርባው ቀን ሞልቶ ልንመለስ ስንል እማዬ ሻንጣዋን እየዘጋች ድንገት ቀና አለች።

“ለሕፃን ልጅ ቲኬት ስንት ይከፈላል?”

“ሁለት ዓመት ካልሞላው አብዛኛውን ጊዜ የአዋቂውን አንድ አሥረኛ ነው” አልኳት።

ወደ እህቴ ዞረች። “ታዲያ ምን ያስቀምጣችኋል?”

ለጥምቀት እንጠብቃቸዋለን።